«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፦ የካንሰር ታማሚን «በርቺ» ስንል ምን እያስደበቅናት ነው?

ደብተር_ያዥ (ውይይቱን የከፈተችው)

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ ንግግር አለ። ነርሷ «ከባለፈው ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ?» ትላለች። ታማሚዋ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች። አጠገቧ የቆመው ወንድሟ «እሷ እኮ ጀግና ናት፣ ምንም አይበግራትም» ብሎ ያክልበታል። ካርዱ ላይ «አዲስ ቅሬታ የለም» ተብሎ ይጻፍና መድኃኒቱ በሙሉ መጠኑ ይንጠለጠላል። የሴትየዋ ጣቶች ግን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል።

እዚህ ማንም አልዋሸም። «ደህና ነኝ» እኛ ጋ ሰላምታ ነው፤ በቃሬዛ የመጣ ሰውም «ይመስገን» ይላል። ችግሩ ሰላምታውን እንደ ምርመራ መልስ መያዛችን ላይ ነው። በዚያ ላይ ቤተሰቡ «በርቺ፣ ክፉ አታውሪ፣ አታሟርቺ» ሲላት እውነቱን የምትተነፍስበት ቀዳዳ ይደፈናል።

የሸሚዝ ቁልፍ ያልኩት የፓክሊታክስል፣ የአንዱ የኬሞ መድኃኒት፣ ጣጣ ነው። ነርቭን ከጫፍ ጀምሮ ይጎዳል፦ መጀመሪያ የእግርና የእጅ ጣቶች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ፣ ጓንትና ካልሲ እንዳጠለቁ ያህል። በጊዜ ከተነገረ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ዙሩን ያዘገያል ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ካልተነገረ ጉዳቱ ከሕክምናው በኋላም ሊቀር ይችላል። «ይደነዝዝሻል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ «ትንሽ ትንሽ» ትላለች። የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቁልፍ ትቆልፊያለሽ? መርፌ ላይ ክር ታስገቢያለሽ? ትኩስ ስኒ ስትይዢ ሙቀቱ ይታወቅሻል? ነጠላ ጫማሽ ከእግርሽ ሲወልቅ ሳታውቂው ሄደሽ ታውቂያለሽ? የመጨረሻውን ስትሰማ ብዙ ጊዜ ትስቃለች፤ ከዚያ «እሱስ አዎ» ትላለች።

ሁለተኛውና የሚያስፈራው ትኩሳት ነው። ከኬሞው በኋላ በግምት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሕዋስ ታች ይወርዳል። በዚያ ሳምንት 38 ዲግሪ ማለት «ብርድ መታኝ» ማለት አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚገድል የደም መመረዝ ሊሆን ይችላል። ታማሚዋ «ቤተሰቡን በሌሊት አላስደነግጥም» ብላ ፓራሲታሞል ወስዳ ትተኛለች። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያወርደዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ ጠዋት ስትነሳ ግፊቷ ወርዷል። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት ነው፤ ብብት ስር ከሆነ ከእውነተኛው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ሊያንስ ስለሚችል 37.5 ካሳየም ለሐኪም ይነገር። በፊንጢጣ አይለካም። ሌሊት 9 ሰዓት ቢሆንም ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ በር ላይ የሚነገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም ይሄ ይሁን፦ «ኬሞ ላይ ናት፣ የመጨረሻው ከ10 ቀን በፊት ነው፣ ትኩሳቷ 38.4 ነው።» እንዲህ ካላሉ እንደ ማንኛውም ባለ ትኩሳት ወረፋ ይይዛሉ፤ አንቲባዮቲኩ ግን በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

እስቲ እናንተ ደግሞ የምታውቁትን ጨምሩበት።

አቦል

የትኩሳቱን ተቀብያለሁ። ነገር ግን «አይዞሽ በርቺ»ን ወንጀል ማድረግ የፈረንጅ ነገር ይመስለኛል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ቶሎ እንደሚሞት የማያውቅ የለም። ጥናትም አለ፤ በቡድን እየተሰበሰቡ ያወሩ የጡት ካንሰር ታማሚዎች እጥፍ ዕድሜ ኖሩ የተባለው።

ሥነልቦና_6ኪሎ

@አቦል የምትለው ጥናት የዴቪድ ስፒገል ነው፣ 1989። 86 ሴቶች፣ ካንሰሩ የተሠራጨባቸው። በቡድን የተወያዩት በአማካይ 36.6 ወር፣ ያልተወያዩት 18.9 ወር ኖሩ። ዓለም ሁሉ የያዘው ይህንን ቁጥር ነው። የተረሳው ቀጥሎ የመጣው ነው፦ ካናዳ ውስጥ በ2001 በ235 ሴቶች ላይ ሲደገም ዕድሜ ላይ ምንም ልዩነት አልታየም። ስፒገል ራሱም በ2007 ደግሞት ያንን ውጤት አላገኘም። በዚያው ዓመት የራስና የአንገት ካንሰር ያለባቸው 1,093 ሰዎች ታይተው የስሜት ደህንነታቸው ከመኖር ከመሞታቸው ጋር አልተያያዘም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፤ የስፒገል ቡድን «ፈገግ በሉ» የሚባልበት ቡድን አልነበረም። ሴቶቹ ስለ ሞት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ልጆቻቸው በግልጽ የሚያለቅሱበት ነበር። በ2001ውም ጥናት ዕድሜ ባይጨምርም ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ቀንሷል። የሚጠቅመው መናገሩ ነው ማለት ነው፤ አንተ የጠቀስከው ጥናት የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ነው።

ሙሉውን እንድናገር የሚያስገድደኝ አንድ ውጤት አለ። በ1999 እንግሊዝ ውስጥ 578 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሲታዩ «የታጋይነት መንፈስ» ምንም አልጨመረም፤ ከባድ ተስፋ መቁረጥ ግን ከበሽታው መመለስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው አይዞሽ እንበላት» ማለት ስሕተት ነው። ከባድ ተስፋ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው፣ ድባቴ ደግሞ በሽታ ስለሆነ ይታከማል። «በርቺ» ስትባል የምትማረው መደበቅን ነው፤ የተደበቀ ድባቴ ደግሞ ሳይታከም ይቀራል። የካንሰር ሥነ ልቦናን በኒውዮርክ እንደ ሙያ የመሠረቱት ሐኪም ጂሚ ሆላንድ ነገሩን የአዎንታዊ አስተሳሰብ አምባገነንነት ብለውታል። ምክንያቱም ካንሰሩ ሲመለስ ታማሚዋ «በደንብ አላመንኩም፣ በደንብ አልበረታሁም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች። ዕጢው የቀጠለው ሕዋሱ መድኃኒቱን ስለተላመደ ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ ስላለቀሰች አይደለም።

ፋርማ_ሰንጋተራ

ማንም የማያነሳውን ላንሳ። «ተስፋ ቆረጠች፣ መንፈሷ ደከመ» ከሚባሉት ውስጥ ስንቱ የመድኃኒት ሥራ እንደሆነ ብታውቁ!

ዴክሳሜታዞን። ለማስታወክና ለአለርጂ መከላከያ ከኬሞው ጋር ይሰጣል። በወሰደችበት ቀንና በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት ትነቃቃለች፣ ትበላለች፣ ታወራለች፣ እንቅልፍ የላትም። ጠያቂው «ተመስገን፣ ተነሳች!» ይላል። ከዚያ መድኃኒቱ ሲያልቅ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ትወድቃለች፦ ድካም፣ ብስጭት፣ ያለ ምክንያት ልቅሶ። ያኔ «ምነው ትናንት ደህና አልነበርሽ? በርቺ እንጂ» ይመጣል። ቀን መቁጠር ይበቃል። በየዙሩ በዚያው ቀን ከመጣ እምነቷን ተዉና መድኃኒቱን ጠርጥሩ። ጠዋት ከምግብ ጋር፣ የመጨረሻውን ፍሬ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ብትወስድ እንቅልፉ ይሻላል። ስኳር ያለባት ከሆነች በእነዚያ ቀናት ስኳሯን ትለካ፤ ይወጣል። መድኃኒቱን በራሷ እንዳታቆም፤ የመጠን ለውጥ የሐኪም ነው።

ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ)፣ የማስታወክ ማስታገሻው። ይኸኛው ይብሳል። በተለይ በደም ስር በፍጥነት ሲገፋ አንዳንዱን ሰው ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ ነገር ይይዘዋል። መቀመጥ አይችልም፣ እግሩ አያርፍም፣ «ልቤ ሊወጣ ነው፣ አውጡኝ ከዚህ» ይላል። ያየ ሰው «ፍርሃት ያዘው» ይላል፣ አንዳንዱም «መንፈስ ነው» ይላል፤ «አትፍራ፣ ጠንክር» ብለው ይዘው ያስተኙታል። የመድኃኒቱ ጎጂ ጠባይ ነው። በ15 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ቢንጠባጠብ ይቀንሳል፤ ከመጣም ማቆምና በኦንዳንሴትሮን መቀየር ነው፣ የሚያስታግስም መርፌ አለ። ካርዱ ፊት ላይ በትልቁ «ፕላሲል አይስማማትም» ይጻፍ፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ተረኛ ይሰጣታልና።

ሦስተኛው፦ ታሞክሲፈን (የጡት ካንሰር የሆርሞን መድኃኒት) የምትወስድ ሴት ድባቴ ይዟት ፍሉኦክሰቲን ሲታዘዝላት። ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ሲቀየር ነው ጉልበት የሚያገኘው፤ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የሚቀይረውን ኢንዛይም ይዘጉበታል። ሰርትራሊንና ሲታሎፕራም ከእነሱ ይሻላሉ። የሳይካትሪ ሐኪሙ ታሞክሲፈን ላይ መሆኗን ካልነገረችው አያውቅም። መድኃኒቶቿን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛ ትሂድ፤ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም።

በተረፈ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። ወረቀቱ ላይ «ለድባቴ» የሚል አንብበው «እኔ እብድ አይደለሁም» ብለው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። ሲሰጥ ለምን እንደሆነ ይነገር።

የልደታ_ልጅ

ሞርፊንስ? «ሞርፊን የታዘዘለት አለቀለት» ይባላል። ሕመም አለብኝ ማለት ራሱ እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጠረው።

ፋርማ_ሰንጋተራ

@የልደታ_ልጅ ሞርፊን የሚታዘዘው በሕመሙ ልክ ነው፤ ከቀረው ዕድሜ ጋር አይገናኝም። ሕመሙ በጨረር ወይም በኬሞ ከቀነሰ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ ተብሎ ይወርዳል፣ ይቆማልም።

ፈሳሹ በየ4 ሰዓቱ ነው፤ በኛ ሰዓት ደግሞ ለመያዝ የቀለለ ነው፦ 12፣ 4፣ 8፣ 12፣ 4። ሐኪም ካዘዘ የማታው 4 ሰዓት እጥፍ ይሆንና ሌሊት መነሳት አያስፈልግም። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ «ጠንካራ ነኝ፣ እስኪብስ ልቆይ» ይባላል። ሕመም ከነገሠ በኋላ ለመመለስ የሚያስፈልገው መጠን ይበዛል፣ ያንጎላጅጃል፣ ቤተሰቡም «ይኸው አደነዘዛት» ይላል። በሰዓቱ ከተወሰደ እንቅልፉ በጥቂት ቀን ይለቃል። የማይለቀው ድርቀት ነው፤ ሞርፊን በተጀመረበት ቀን የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይጀመር፤ ካልታዘዘ «ቢሳኮዲልስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አምስት ቀን ሆድ ሳይወጣ የቀረ ሰው ሕመሙን ይመርጥና ሞርፊኑን ይተዋል። መለኪያውን ደግሞ በሲሪንጅ አድርጉት። የሻይ ማንኪያ በየቤቱ ይለያያል፣ ጠርሙሱም ሁሉ አንድ ዓይነት ጥንካሬ የለውም።

ቸርችል_ቁልቁለት

ስለ ጠያቂና ስለ ቤተሰብ እኔ ልበል፤ ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሩ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ስለነበር ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ተክለ ሃይማኖትና ልደታ አካባቢ አልጋ የሚከራየው ብዙ ነው። ጨረር በሳምንት 5 ቀን ለሳምንታት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ አስታማሚ፣ እሁድ እሁድ አሥራ ምናምን ጠያቂ። ማረፊያ ያጣ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉትን ይጠይቅ፤ ቤት ለቤት የማስታገሻ እንክብካቤ ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አለ።

ጠያቂ የሚያደክመው በወሬው ነው። «የእገሌ እህት በዚሁ ሞታለች» ከሚለው እኩል «የእገሌ እህት ድና ልጅ ወልዳለች፣ አንቺም በርቺ» የሚለው ያደክማል፤ ሁለቱም ስለሌላ ሴት ነው። አስታማሚው ማድረግ ያለበት፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ከፍቶ ማታ ማታ ሁለት መስመር መጻፍ፤ ታማሚዋ ለ30 ሰው ለየብቻ «ደህና ነኝ» ከማለት ትድናለች። ጠያቂ 20 ደቂቃ፣ ጉንፋን የያዘው ከበር ይመለስ፣ አልጋው ላይ አይቀመጥ። ብርቱካን ሰባት ኪሎ ተከምሯል፤ አፏ ለቆሰለ ሰው ደግሞ ብርቱካን እሳት ነው። ይልቅ «ሐሙስ ለጨረር እኔ ልውሰዳት» የሚል ሰው ወርቅ ነው።

አፍ ለቆሰለ፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ መጉመጥመጥ፣ አለመዋጥ። ሱቅ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ እሱ አይደለም፣ ጽሑፉን አንብቡ። በርበሬ ይቅር፤ አጥሚት በጣም ሳይሞቅ።

የምርመራውን ውጤት መደበቅ ደግሞ የዚሁ «በርቺ» ታላቅ ወንድም ነው። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ተዘጋጅቶ የሚነገርበት አገር ስለሆነ ልጆቹ ሐኪሙን በር ላይ ጠብቀው «ለእማዬ እንዳይነግሯት» ይላሉ። እማዬ ግን ፀጉሯ በሦስተኛው ሳምንት ሲረግፍ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ራሰ በራ መሆናቸውን ታያለች። አውቃ እንዳላወቀች ትሆናለች፣ ልጆቿም እንዳላወቀች ያስመስላሉ፣ ሁሉም ለየብቻው ያለቅሳል። መፍትሔው ልጆቹን አልፎ መንገር አይደለም። መጀመሪያ ልጆቹን «ብታውቅ ምን ትሆናለች ብላችሁ ነው የፈራችሁት?» ብሎ መስማት፤ ቀጥሎ እነሱ ባሉበት እሷን «ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ? ምን ያህል እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጅዎ ብነግረው ይሻልዎታል?» ብሎ መጠየቅ። «ለልጄ ንገሩት» ካለች መብቷ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ግን «እነሱ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው እንጂ አውቄዋለሁ» ነው።

አቦል

እሺ፣ ስለ ጥናቱ ተሸንፌያለሁ። ግን እምነቱስ? ታማሚ እንዲያማርር መፍቀድ ከእግዚአብሔር ጋር ማጣላት አይሆንም?

የደብር_አገልጋይ

@አቦል ወንድሜ፣ ኢዮብ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። የመጡት ሦስት ጓደኞቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አጠገቡ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው የተገሠጹት። ለታማሚ ጠያቂ ከዚህ የተሻለ መምሪያ አላውቅም።

ጾምን በተመለከተ፣ ለታመመ ቀኖናው ያዝናል፤ የንስሐ አባቷን ታነጋግር፣ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ክብደቴ እየቀነሰ ነው» ትበል። ለሙስሊሙም በረመዳን የታመመ ሌላ ቀን እንዲተካ ቁርአኑ ራሱ ፈቅዷል፣ 2:185። ጸበል ላይ፦ ነጭ ደሟ በወረደበት ሳምንት ያልፈላ የምንጭ ውሃ መጠጣት አደጋ አለው፤ ለካህኑ ቢነገር ይረጫታል፣ ይበቃል። ዙር አስቀርቶ ጸበል መግባት ግን አይሆንም። በኤችአይቪ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተምረዋል፤ እዚህም ያው ነው።

የልደታ_ልጅ

እሺ ታማሚዋ «ምነው በገላገለኝ» ስትልስ? ሁሉም «እረ ተይ፣ እንዲህ አይባልም!» ብሎ ነው የሚዘጋት።

ሥነልቦና_6ኪሎ

አትዝጋት። «ግልግል» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሕመሙ በዝቷል፣ ለቤተሰብ ሸክም ሆንኩ፣ ወይም በእርግጥ ራሴን ላጠፋ አስቤያለሁ። የሚለየው በመጠየቅ ብቻ ነው። ቁጭ ብለህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፦ «ምኑ ነው የከበደሽ?» ቀጥሎ ሳትሽኮረመም፦ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? በምን?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። መንገዱን ካሰበችበት ብቻዋን አትተዋት፣ መድኃኒቱ ሁሉ ከእጇ ይራቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትወሰድ።

ድባቴን ከተራ ሐዘን ለመለየት ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ በአማርኛ ተፈትሾ አለ፤ 9 ጥያቄ፣ ያለፉት 2 ሳምንታት፣ ከ27። 10 እና ከዚያ በላይ ካመጣች ትታይ። ግን ኬሞ ላይ ያለች ሴት ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከመድኃኒቱም ስለሚመጣ ነጥቡ ይጋነናል። እኔ የማተኩረው ሌሎቹ ላይ ነው፦ የልጅ ልጇ መጥታ ደስ አላላትም? «የማልረባ ነኝ» ትላለች? ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣል ይሄዳል፣ በመሐል ቀልድ ያስቃታል። ድባቴ ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋ ነው።

አቦል

@ደብተር_ያዥ ስምሽ ደብተር ያዥ ነው፤ ደብተሩ ምን ላይ ደረሰ?

ደብተር_ያዥ

ተራ ባለ 32 ገጽ ደብተር። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ገጽ፣ ከላይ ኬሞ የወሰደችበት ቀን፣ «ቀን 1» ተብሎ ይቆጠራል። በየማታው አንድ መስመር፦ ትኩሳት፣ ሕመም ከ10 ስንት፣ ስንቴ አስታወከች፣ ስንቴ ሰገራ ተቀመጠች፣ ምን በላች፣ ስሜቷ በአንድ ቃል። «ደህና» የሚለው ቃል እዚህ ደብተር ላይ አይጻፍም። ሐኪሙ ያለው ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ የሚያስጨንቁት ሦስቱ ይሰመርባቸው፤ ከሰላምታው በፊት ደብተሩ ይከፈትለት። «ይመስገን»ው በኋላ ይደርሳል።

የልደታ_ልጅ

ማንበብ መጻፍ ለማይችሉት፣ ከገጠር ለመጡትስ?

ደብተር_ያዥ

በእጅ ነው። ጭብጥ ማለት ሕመም የለም፣ አንድ ጣት ትንሽ፣ አምስቱም ጣት ከዚህ የባሰ የለም። በቃል «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ይመስገን» የሚሉት እናት እጃቸውን አንሡ ሲባሉ አራት ጣት ያሳያሉ። አንዱን ጥያቄ ግን ልጃቸው ውሃ ሊገዛ ሲወጣ ነው የምትጠይቁት፤ እሱ ካለ ሁለት ጣት ነው።